ማደሪያና መብል

ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ሦስት ጀሪካን ውሃ ይዘን፣ ስድስት ሆነን ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ወረድን። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሐይቅ ወዳለበት ውሃ ተሸክሞ መሄድ ምን ይሉታል ትሉ ይሆናል፤ ሁለቱም ሶዳ ናቸውና አይጠጡም።

ሻላ ዳር በሚንተከተከው ፍል ውሃ እንቁላላችንን ቀቅለን በላን። ከዚያ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ኮረብታ ላይ ወጣን። ሻላ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ጠቁሮ ዝም ብሏል። አብያታ ግን እንደ ሳህን ዝርግ ነው። «ልጆች፣ ያ ነጩ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ መሬት ነው» አሉን አብረውን የወጡት የፓርኩ ስካውት። «እኔ ስቀጠር እዚያ ድረስ ውሃ ነበር።»

የፔሊካኖቹን ነገርም ያጫወቱን እሳቸው ናቸው። ፔሊካን ጎጆውን የሚሠራው አውሬ በማይደርስበት በሻላ ደሴት ላይ ነበር። ሻላ ግን ዓሣው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ኮረብታውን ተሻግሮ አብያታ ላይ ይበላል። ታዲያ ለአብያታ ውሃ የሚያመጣው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ይነሳል፤ ውሃው ሳይደርስ ለመስኖ ይጠለፋል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ ይስብ ጀመር። ሐይቁ ሲሸሽ ጨዉ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ፍላሚንጎው ዓሣ ሳይሆን አልጌ ለቃሚ ነውና ዳርቻውን ሮዝ አልብሶት አየነው። ፔሊካኑ ግን ማደሪያው እያለ መብሉን አጣ።

ማታ ድንኳን ውስጥ ክርክር ተነሳ። በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ሁላችንም አይተናል፤ የዚሁ አገር ግራር ነው። አንዱ «ከሳዩን ማሰር ነው!» አለ። ከገበሬ ቤት የመጣችው ጓደኛችን ተቆጣች፦ «አንተ ስታስረው ልጆቹ ምን ይብሉ? ከሰሉንስ የሚገዛው ጅብ ነው እንዴ?» ጅቡ ከውጭ ይጮህ ነበርና ሳቅን። መልስ ግን ማናችንም አልነበረንም።

በብዙ ነገር ሳንስማማ፣ በአንዱ ተስማማን። የፓርክ ሕግ ማደሪያን እንጂ መብልን አይጠብቅም። የአብያታ ውሃ የሚወሰነው ከላይ በተተከለው የውሃ ሞተር ነው፤ የግራሩ ዕድሜ ደግሞ በየከተማው የቡና ምድጃ። ስካውቱ ሌት ተቀን ቢቆሙ እዚያ አይደርሱም። ጥበቃው ከፓርኩ ውጭ፣ ከእኛው ጓዳ ይጀምር፤ ገበሬውም ከግራሩ ሌላ የሚሸጠው ይኑረው። አለዚያ የምንጠብቀው ባዶ ጎጆ ነው።