ፊዮርድ፦ ውኃው መንገድ የሆነበት አገር

ልጄ ኑሮዋን ኖርዌይ ስላደረገች ባለፈው ሐምሌ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ከስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ጋር ከጋይራንገር ወደ ሄለሲልት በጀልባ ተሻገርን፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ ከአናቱ ፏፏቴ ይወርዳል። ውኃው ረግቶ ሲያዩት ሐይቅ ይመስላል፤ ግን ጨዋማ ነው፤ ባሕር ነው።

በበረዶ ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግር ሸለቆውን ቦርቡሮ አጠለቀው። በረዶው ቀልጦ ሲሸሽ ባሕሩ ገባበት። ከአገሩ ፊዮርዶች ረጅሙ ሶግነፊዮርድ 205 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ይበልጣል።

«እማማ፣ ፊዮርድን በአማርኛ ምን ትይዋለሽ?» አለኝ ልጁ።

«መሻገሪያ» አልኩት። ቃሉ ከጥንት ኖርዲክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ መጓዝና መሻገር ማለት ነው። ፌሪ የሚባለው የጀልባ ስምም የዚያው ሥር ዘር ነው። ተራራ ለዘጋበት ሰው መንገዱ ውኃው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም የሚኬደው በጀልባ ነው።

ከገደሉ ላይ የተንጠለጠሉ አሮጌ ቤቶች ይታያሉ። ስካገፍሎ የሚባለው እርሻ ከውኃው 250 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በእነዚህ እርሻዎች እናቶች ልጆቻቸው ወደ ገደሉ እንዳይወድቁ በገመድ ያስሯቸው እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ቤቶቹ ባዶ ናቸው። ፊት ለፊት ያለው ክኒቭስፍሎ አለት ይናድብናል ተብሎ በ1898 እ.ኤ.አ. ተለቀቀ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ በ1934 እ.ኤ.አ. ብዙም ሳይርቅ ታፊዮርድ ላይ ተራራ ተንዶ ባስነሳው ማዕበል 40 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ በአካባቢው የተሰነጠቀ አንድ ተራራ ቀን ከሌት በመሣሪያ ይጠበቃል።

ልጁ ግን ያሳሰበው ገመዱ ነው። «እናታቸው አትወዳቸውም ነበር?» አለኝ።

«ስለምትወዳቸው ነው እንጂ! ሣር ስታጭድ፣ ፍየል ስታልብ ዓይኗ ሁሉም ጋ አይደርስም። የእኛ አገር እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ትሠራለች፤ ያቺ ደግሞ በገመድ ጠበቀች» አልኩት።

«አንቀልባ ምንድን ነው?» ብሎ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ ሄለሲልት እስክንደርስ ስለ እሱ አወራን።

ባሕር ማዶ የሚያድጉ የልጅ ልጆች ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጆቹ የቃል ትርጉም ሲጠይቋችሁ ቶሎ መልሳችሁ አትለፉ። አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ አማርኛችንን ያስተምርላችኋል።