እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል



በአባቶቻችን ሥርዓት ልጅ ለመዳር ሲታሰብ መጀመሪያ የሚቆጠረው ዘር ነው። የወንዱና የሴቷ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ የሥጋ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። አገር ቤት ሳለን ይህ ቆጠራ ከዝምድናም በላይ ብዙ ነገር ይናገር ነበር። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ፣ በምን እንደሚተዳደር፣ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ጋር እንደታረቀ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እዚህ እሥራኤል ከገባን በኋላ ግን አንዱ ወገን በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ በየሜርካዝ ክሊታው ተበተነ፤ ልጆችም ከቤት ርቀው በፕኒሚያ፣ ማለትም በአዳሪ ትምህርት ቤት አደጉ። ስለዚህ ሰባት ቤት የተቆጠረለት ወጣት፣ የራሱ ጥቂት ዓመታት ሳይታወቁ ሊያገባ ይችላል።

እኛ በሙያችን የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ነን። በልጅነታችን መጥተን፣ በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምረን፣ በየቀኑ የሰው ቤት ጉዳይ ስንሰማ እንውላለን። የዛሬው ግን ከሚስራድ ያመጣነው ሳይሆን የገዛ ቤታችን ታሪክ ነው። ታናሽ እኅታችንና ባለቤቷ «ሌላው ይማርበት» ብለው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን አንጠራም።

ሲጋቡ ሁሉም ነገር በወጉ ተደርጓል። ዘር ተቆጠረ። አባታችንም ሽማግሌዎቹን «ልጁ ትምህርቱን ከጨረሰ ወዲህ ምን ሲሠራ ቆየ?» ብለው ጠየቁ። «ወታደር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሠራተኛ ነው» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ወታደር መሆኑ እውነት ነው። ውትድርናውን ሳይጨርስ መውጣቱንና ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን የተናገረ አልነበረም።

በትዳራቸው ሦስተኛ ዓመት፣ ሴት ልጃቸው መናገር በጀመረችበት ሰሞን፣ አማቻችን የተሻለ ደመወዝ ያለው የጥበቃ ሥራ አገኘ። ሥራው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። አመልክቶ ተከለከለ። በቤታችን ውስጥ ሁላችንም ያልነው አንድ ነገር ነው፤ «ሐበሻ ስለሆነ ነው።» እንዲህ ማሰባችን ከባዶ የመጣ አልነበረም። በ2015 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በሆሎን ከተማ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ወጥቶ ወጣቶቻችን አደባባይ ሲወጡ እኛም ወጥተናል። በ2016 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በእኛ ላይ ያለውን አድልዎ በሪፖርቱ ዘርዝሮ አስቀምጧል። ስለዚህ እኅታችን «በዝምታ አናልፈውም» አለች፤ የይግባኝ ደብዳቤም በዕብራይስጥ ተዘጋጀ። ደብዳቤው ውስጥ «በሕይወቱ አንድም ጥፋት የሌለበት ሰው» የሚል መስመር ነበረበት።

እንዲፈርም ሲሰጠው እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «ይህን መፈረም አልችልም» አለ።

የነገረን ይህ ነው። በ20 ዓመቱ ከሠራዊቱ ጠፍቶ በወታደር እስር ቤት ቆይቶ ነበር። ከወጣ በኋላ ሥራ አጥቶ ሲዞር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሌሊት አንድ ሱቅ ሰብረው ገቡ። ተያዙ፤ ተፈረደባቸው፤ እሱም ስምንት ወር ታሰረ። ወላጆቹ የጎረቤት ወሬ ፈርተው ለጠየቃቸው ሁሉ «ሠራዊት ውስጥ ነው» ይሉ ነበር። ሲፈታም ያ ቃል እንደነበረ ቀረ። ሽምግልና ሲላክም አብሮ ተላከ።

እኅታችን ያን ሌሊት ያለችው እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም፤ «ሱቁን የሰበረው የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ እሱን አላውቀውም። ሦስት ዓመት አጠገቤ ተኝቶ ዝም ያለው ግን ባሌ ነው።» በማግሥቱ ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቻችን ቤት መጣች።

በስምንተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። «ያለፈ ነገር ነው፤ ልጅ አላችሁ፤ ገበና አደባባይ አይውጣ» አሉ። ይህ የሽምግልና ቃል ስንት ቤት እንዳዳነ እናውቃለን፤ አናቃልለውም። አባታችን ግን ቡናው ሳይቀዳ እንዲህ ሲሉ መለሱ፤ «አባቶቼ፣ ያን ጊዜ ‹ወታደር ነበር› አላችሁኝ፤ አመንኋችሁ። ዛሬ ‹ሌላ የደበቀው የለም› ብትሉኝ በምን ልመናችሁ?» ቤቱ ጸጥ አለ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ብድግ ብለው «እውነት አለህ፤ ይቅር በለን» አሉ። የዚያን ዕለት እርቅ አልተደረገም። ባይደረግም ጥሩ ሆነ ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም እኅታችን ምን እንደምትምር ገና አላወቀችም ነበር።

አገር ቤት ቢሆን በቄሱ ፊት ይማል ነበር። እኅታችን መሐላ አልጠየቀችም። «የተጻፈውን ሁሉ ልየው» አለች። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የማያውቁት ነገር ስላለ በግልጥ እንናገር። በዚህ አገር የወንጀል መዝገብ ምሥጢር ነው። ሚስት የባሏን፣ ባልም የሚስቱን መዝገብ ከፖሊስ መጠየቅ አይችሉም። ባለቤቱ ግን ተኡዳት ዜሁቱን፣ ማለትም መታወቂያውን ይዞ በስሙ የተጻፈውን የማየት መብት አለው። የተፈረደበት ሰው ደግሞ የራሱን የፍርድ ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ ማውጣት ይችላል። አማቻችን ሁለቱንም አደረገ። ማንም አላስገደደውም፤ እንዲያውም «እምቢ ቢል ኖሮ መልሱ ያው እሱ ነበር» ትላለች እኅታችን።

ፍርዱን አባታችንና እናታችን ባሉበት አነበብነው፤ ወደ አማርኛ እየመለስን። የተሰረቀው ምን እንደሆነ፣ ማን መስኮቱን እንደሰበረ፣ ጥፋቱን በመጀመሪያው ምርመራ ማመኑ ሁሉ ተጽፏል። አባቱ በችሎቱ ተገኝተው በአስተርጓሚ «ልጄን ወደ ቤት እመልሰዋለሁ» ብለው እንደነበርም ተጽፏል። እናታችን ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። እስከዚያ ቀን ድረስ የልጁን አባት እንደ ውሸታም ብቻ ነበር የሚያዩአቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ያየውን ሲነግረን ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። በ17 ዓመቱ በመንገድ ላይ ከፖሊስ ጋር በተነሣ ግብግብ የተከፈተና የተዘጋ ፋይል ነበር። እሱ «ከተዘጋ የለም» ብሎ ነበር የሚያስበው። ይህም ብዙ ወጣቶቻችን የሚሳሳቱበት ነው። ፋይል ሲዘጋ የተዘጋበት ምክንያት ይጻፋል። «ጥፋት የለበትም» ተብሎ ከተዘጋ ይሰረዛል፤ «ማስረጃ አልበቃም» ወይም «ለሕዝብ ጥቅም አያስፈልግም» ተብሎ ከተዘጋ ግን ፖሊስ ዘንድ ተመዝግቦ ይቆያል። ምክንያቱ እንዲለወጥ ወይም ፋይሉ እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላል። ልጃችሁ ተጠርቶ ከነበረ «ተዘግቷል» በሚለው ቃል ብቻ አትርኩ፤ በምን ምክንያት እንደተዘጋ ጠይቁ።

በ2019 የወጣው የወንጀል መረጃ ሕግ፣ ከእሱ በፊት እንደነበረው የ1981 ሕግ ሁሉ፣ በስሙ ውስጥ «ተቅናት ሀሻቪም» የሚል ቃል አለው፤ የተመላሾች ሥርዓት ማለት ነው። ቃሉ ከጥንት የመጣ ነው። አንድ ሰው እንጨት ሰርቆ ትልቅ ቤት ቢሠራበትና በኋላ ንስሐ ቢገባ፣ ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ይመልስ ይባላል ወይ? የሚሽና ሊቃውንት «አይፍረስ፤ ዋጋውን ይክፈል» ብለው ደነገጉ፤ አለዚያ የሚመለስ አይገኝምና። የዛሬው ሕግም በዚህ መንገድ የሄደ ነው። በሕጉ የተወሰኑት ዓመታት ካለፉ መዝገቡ ለአብዛኛው ጠያቂ ይዘጋል፤ ቆይቶም ይሰረዛል። በልጅነታቸው ለጠፉ ጊዜው ያጥራል። ጊዜው እንዲያጥርለት የሚፈልግ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሐኒና፣ ማለትም የምሕረት ማመልከቻ ማቅረብ ይችላል። አሠሪም ቢሆን ሕግ በግልጥ ካልፈቀደለት በቀር የወንጀል መዝገብህን አምጣ ብሎ መጠየቅ አይችልም።

ይህን የእንጨት ነገር ለእኅታችን ስንነግራት ጥቂት አሰበችና «ቤቴን አላፈርስም፤ ዋጋውን ግን ይክፈል» አለች። ዋጋውንም ራሷ ቆረጠች። የልጁ ወገን ሽማግሌዎች በአባታችን ፊት እውነቱን እንዲናገሩ፤ ከእንግዲህ ለቤቱ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በሁለቱ ፊት እንዲከፈት፤ ልጃቸውም ስታድግ ከጎረቤት ሳይሆን ከአባቷ አፍ እንድትሰማ። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች። እሱ ዛሬ በጋራዥ ይሠራል፤ የምሕረት ማመልከቻውንም አስገብቷል። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ብንል ግን ውሸት ይሆናል። እሱ ከሥራ አንድ ሰዓት ሲያመሽ እኅታችን ዛሬም ልቧ ይመታል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ሲያመሽ ይደውላል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ለይተን ማስቀመጥ አለብን። የአማቻችን ጥፋት ስርቆት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በላቡ አድሯል። የተደበቀው ነገር ሚስት መደብደብ ወይም ልጅ ላይ ጉዳት ማድረስ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ዛሬም በቤት ውስጥ ዛቻና ዱላ ቢኖር ኖሮ፣ ሌላ ነገር እንጽፍ ነበር። እንዲህ ያለው ጉዳይ በሽምግልና ተሸፍኖ የሚያልፍ አይደለም። አደጋ ያለባት ሴት ለፖሊስ በ100፣ ለማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር በ118 ትደውል፤ በከተማዋ ወዳለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮም ትሂድ። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ መጠየቅም አያሳፍርም። ልጆቻችሁን ግን ለእንዲህ ያለው ነገር አስተርጓሚ አታድርጓቸው።

ከእስር የተመለሰ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም አትሸማቀቁ። በ1983 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የእስረኞች መልሶ ማቋቋሚያ ባለሥልጣን አለ፤ ከእስር የወጡትን ይረዳል። ልጃችሁን ለመዳር ስታስቡ ግን የእሱን ታሪክ እናንተ አትደብቁለት። ልጅቷ ሰምታ እምቢ ብትል አንድ ሽምግልና ይቀራል፤ ሳትሰማ ገብታ በኋላ ብታውቅ ግን ቤት ይናጋል፤ በመካከሉም ልጅ አለ።

ለማግባት የተዘጋጃችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ሽማግሌ ሰባቱን ቤት ይቁጠር፤ እናንተ ደግሞ ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ «ስላንተ፣ ስላንቺ ከሌላ ሰው እንዳልሰማ የምትፈልገው ነገር አለ?» ተባባሉ። ጥያቄው ለወንዱ ብቻ አይደለም። ገበናን ከጎረቤት መሸፈን የአባቶቻችን ጨዋነት ነው፤ ከትዳር ጓደኛ መሸፈን ግን አብሮ የሚኖሩትን ሰው ባዕድ ማድረግ ነው።

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ይሁን።