አማካዩ ማን ይሁን ከማለታችን በፊት

ክረምት በገባ ቁጥር ደብረ ታቦር ላይ የማይቀር ክርክር አለ። የፋሲል ከነማ አማካይ ክፍል ለሚቀጥለው ዓመት በእነማን ይዋቀር? የባሕር ዳር ከተማስ? የተከላካይ አማካዩ ይቆይ ወይስ ይሸኝ? አስር ቁጥሩን ማን ይልበስ? ዝናቡ ከጉና በኩል እየወረደ ሰው ሁሉ በየካፌው ሲጠለል፣ ከቡናው ጋር የሚቀርበው ወሬ ይኸው ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እኛ የሁለቱ ክለቦች መሐል ነን። ከደብረ ታቦር ተነስታችሁ ወረታ ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ግራ ባሕር ዳር፣ ወደ ቀኝ ጎንደር። ደጋፊውም እዚያው ላይ ይከፈላል። አንድ ቤት ውስጥ ታላቁ የዐፄዎቹ፣ ታናሹ የጣና ሞገዶቹ ደጋፊ ሆኖ ማየት ብርቅ አይደለም። የፋሲል አምበል የነበረው ያሬድ ባየህ ወደ ባሕር ዳር የተዛወረ ጊዜ አንዳንድ ቤት ራት ሳይበላ አድሯል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ሁለቱንም ወገን በደንብ አውቃለሁ።

አንደኛው ወገን “ልምድ ያለው ይገዛ” ይላል። ማስረጃውም ደካማ አይደለም። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ፣ መሐል ሜዳውን ያደመቀው ሱራፌል ዳኛቸው ከአዳማ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር። ጎል አዳኙ ሙጂብ ቃሲምም በዝውውር ነው የተገኘው። “ዋንጫ የሚመጣው በግዢ ነው፤ ልጅ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል?” ይላሉ።

ሁለተኛው ወገን “የራሳችንን ልጅ አሰልፉ” ይላል። የተስፋ ቡድኑ ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ከሌላ ክለብ ማምጣት ግፍ ነው፤ ክለቡ የከተማው ከሆነ የከተማው ልጅ ይታይበት ይላል። እዚህ ላይ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ጠረጴዛ ይመታል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው ባይ ነኝ። “ማን ይሰለፍ?” ከማለት በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ የሚሰለፈው ልጅ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውስ አሁን የት ነው ያለው?

ከመጀመሪያው እንጀምር። አማካይ እንደ አጥቂ ብቻውን የሚያበራ ቦታ አይደለም። ጥሩ አጥቂ ዛሬ መጥቶ ነገ ጎል ሊያገባ ይችላል። አማካይ ግን ጓደኛው ሳያየው ወዴት እንደሚሮጥ፣ ተከላካዩ ሲጨነቅ ኳሱን በየትኛው እግሩ እንደሚቀበል ማወቅ አለበት። ይህ በአንድ ክረምት ልምምድ አይገኝም።

ዋልያዎቹን አስታውሱ። የ2021ዱን የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በአብርሃም መብራቱ ጀምረው በውበቱ አባተ ጨረሱት። ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ መጋቢት 2013 እዚያው ሜዳ ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲረቱ አሰልጣኙ ተቀይሮ ነበር፤ የቡድኑ አጥንት ግን ብዙም አልተቀየረም። ካሜሩን ላይ ከምድባቸው ማለፍ አልቻሉም። ሆኖም ያ ቡድን አልፈረሰም። ሰኔ 2014 ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዳዋ ሆጤሳ አንዱን፣ ለዓመታት በግብፅ ሊግ የተጫወተው ሽመልስ በቀለ ሌላውን አገቡ። የዚያን ዕለት መሐል ሜዳ ላይ የታየው ቅብብል ከሰማይ አልወረደም። አብረው የቆዩ ሰዎች ሥራ ነበር።

ወደ ክለቦቻችን ስንመለስ ታሪኩ ሌላ ነው። ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ክረምት ሲመጣ ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ይመጣል። አሰልጣኙም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሸኛል። ደጋፊው የለመደውን አማካይ ስም ሳይጨርስ ሌላ ስም ያጠናል። እንግዲህ “የወደፊት አሰላለፍ” የምንለው ነገር ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የሚዘልቅ ከሆነ ምኑ ነው የወደፊት?

ገንዘቡንም እንይ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጦ ነበር። ሐሳቡ ክለቦችን ከኪሳራ ማዳን ነበር። ጣሪያው በወረቀት ላይ ቢቀመጥም በየክረምቱ በደጋፊው መሐል ስለ ፊርማ ገንዘብ የሚወራው ወሬ አልቆመም። የባንክና የመድን ክለብ ከኋላው መሥሪያ ቤት አለው። የ2016 ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017 ሻምፒዮን ኢትዮጵያ መድን መሆናቸው ያለ ነገር አይመስለኝም። የከተማ ክለብ ግን በአብዛኛው የሚኖረው በከተማው አስተዳደር በጀትና በሕዝቡ መዋጮ ነው። ማለትም ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው። ይህ ብር በየዓመቱ ለፊርማ ወጥቶ፣ ተጫዋቹ በዓመቱ ሲሄድ ከተማው እጁ ላይ የሚቀረው ነገር የለም። ልጅ ያሳደገ ክለብ ግን ልጁ ቢሄድበት እንኳ ሌላ ልጅ የሚያሳድግበት ሜዳና አሰልጣኝ ይቀረዋል።

ስለዚህ ክርክሩን የሚፈታው “ይገዛ ወይስ ይደግ” የሚለው ምርጫ አይደለም። ሱራፌልንም ቢሆን አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው አሳድጎታል። ግዢ ማለት ሌላው ያሳደገውን መውሰድ ነው። ሁሉም ገዢ ሲሆን ማን ያሳድጋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ ቀጣዩ አማካይ የት ነው?

እዚህ ከተማ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ስለ አርሰናል ጠይቁ። ኢታን ንዋኔሪ በስንት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ እንደተሰለፈ ይነግሯችኋል፤ በ15 ዓመቱ፣ በብሬንትፎርድ ላይ። ከአካዳሚው ቀጥሎ ማን እንደሚመጣም ይተነትኑላችኋል። አሁን ደግሞ ጥያቄውን ቀይሩት። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ 15 ዓመት የሞላው፣ ነገ የፋሲልን ወይም የባሕር ዳርን አማካይ ክፍል ሊረከብ የሚችል አንድ ልጅ በስም ጥሩ በሏቸው። ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ማንም አልነገራቸውም። የለንደኑን ልጅ ክለቡ ራሱ ያስተዋውቀዋል፤ የእኛን ልጅ ግን ከሰፈሩ ውጪ የሚያውቀው የለም።

ልጁስ እነሱን ያውቃል? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው። የጎንደር ደጋፊ ክለቡ ዋንጫ ያነሳበትን ዓመት ጨምሮ ጨዋታውን የተከታተለው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ነው። ባሕር ዳር እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ተራ ይደርሳት ነበር። በዚያው ዓመት ክለቧ በደግአረግ ይግዛው እየተመራ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በፊት ከደብረ ታቦር በጠዋት ተነስቶ፣ ባሕር ዳር ጨዋታ አይቶ፣ ማታ መመለስ ይቻል ነበር። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ዛሬ የ10 ዓመት ልጅ የሚደግፈውን ክለብ ተጫዋች በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ከቴሌቪዥን የሚያየው ፋሲልም አርሰናልም ለእሱ እኩል ሩቅ ናቸው።

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። በ2012 ትምህርት ቤት በወረርሽኙ ተዘጋ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ እስከ ጋይንት መጣ፤ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ደብረ ታቦርም ደረሰ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ለዚህ ቻናል ተከታታይ መንገር አያስፈልገኝም። በክልሉ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ይህን ስንሰማ ስለ ፈተናና ስለ ዩኒቨርሲቲ እናስባለን፤ ልክ ነው። ግን ለእኛ አገር ልጅ ትምህርት ቤት ማለት ሜዳም ነው። የስፖርት መምህሩ ነው መልማዩ። የትምህርት ቤቶች ውድድር ነው ከፋርጣ የመጣው ልጅ ከእስቴው፣ ከፎገራው፣ ከስማዳው ልጅ ጋር የሚለካበት። እሱ ሲቋረጥ ልጁን የሚያየው ዓይን ይጠፋል።

ዕድሜውን አስሉት። በ2015 ዓ.ም. 13 ዓመቱ የነበረ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 16 ይሞላዋል። አማካይ የሚሠራው በእነዚያ ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበት ይጨምራል፣ ልምድ ይጨምራል፤ ኳስ ከመቀበል በፊት ቀና ብሎ ማየትን ግን በ20 ዓመት የሚማር ጥቂት ነው። ስለዚህ በ2022 እና በ2023 ዓ.ም. ካፌ ተቀምጠን “አማካይ የለንም” እያልን ስንጮህ፣ የጎደለው ሰው አሁን እረኛ ሆኖ፣ ወይም ባጃጅ እያጠበ፣ ወይም ቤት ተቀምጦ ያለው ልጅ ነው። አሰላለፉ የሚጻፈው ዛሬ ነው፤ እኛ ግን የምናነበው ያኔ ነው።

አንድ የማከብራቸው የሰፈራችን ታላቅ ሰው ይህን ስላቸው ቆጣ አሉ። “ልጄ፣ ሰው ለነፍሱ በሚፈራበት ጊዜ አንተ ስለ ኳስ ታወራለህ?” አሉኝ። “ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ኳስ እንጀራ አይሆንም” አልኳቸው። ግን አንድ ነገር ጨመርኩላቸው፤ እዚህም ልድገመው።

ኳስ ክፍተትን ቶሎ የሚያሳይ ነገር ነው። ሦስት ዓመት ልጅ ካልሠለጠነ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ሜዳው መሐል ላይ ባዶ ቦታ ይታያል፤ ሁላችንም በየሳምንቱ እናየዋለን። በዚያው ሦስት ዓመት ያልተማረው መምህር፣ ነርስና መሐንዲስ ግን የሚጎድለን ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። የቡድኑ አማካይ ክፍል ሲሳሳ ካየን፣ ከኋላው የሚመጣውንም ከወዲሁ ማየት እንችላለን።

ደግሞም ይህ ክርክር የቀረን ትንሽ ጸጋ ነው። በሌላው ጉዳይ ሁሉ አፉን የዘጋ ሰው፣ ስለ ስድስት ቁጥርና ስለ ስምንት ቁጥር ሲነሳ ይናገራል። ከእሱ ጋር የማይስማማው ሰውም አዳምጦ ይመልስለታል። በማግስቱ ሰላም ተባብለው እንደገና ይቀመጣሉ። ስለ ሚቀጥለው ዓመት የሚያወራ ሰው፣ የሚቀጥለው ዓመት እንደሚመጣ የሚያምን ሰው ነው።

እንግዲህ ክርክሩን አንተወው፤ ጥያቄውን ግን እናሳድገው። ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የሁለቱም ክለቦች ደጋፊ ማኅበራት “ማንን አስፈረማችሁ?” ብቻ ሳይሆን “ከተስፋ ቡድን ያደገው ልጅ ባለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ ተጫወተ?” ብለው በየዓመቱ ይጠይቁ። ደጋፊ ከፋይ ነው፤ ከፋይ መጠየቅ ይችላል። የታዳጊ ቡድኑ ስም ዝርዝር በክለቡ ገጽ ላይ ይውጣ። ልጅ ስሙ ሲጠራ ያድጋል።

ሁለተኛ፣ ክለቡ የሚያምንበትን አማካይ ሲያገኝ ውሉን ያርዝም። ሦስት ዓመት አብረው የቆዩ መካከለኛ ልጆች፣ በየክረምቱ ከሚሰበሰቡ ታዋቂዎች የተሻለ መሐል ሜዳ ይሠራሉ።

ሦስተኛው የእኛ የራሳችን ነው። በየሰፈራችን ያለው ሜዳ ለግንባታ እንዳይታጠር እንጠብቅ። የክረምት የሰፈር ውድድር ኳስ፣ መረብና ዳኛ ይፈልጋል፤ ስታዲየም አይፈልግም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ጭቃ ላይ የተጫወትንበት ውድድር ለሻምፒዮኑ አንድ በግ ነበር የሚሸልመው፤ አዘጋጆቹም የሰፈራችን ነጋዴዎች ነበሩ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ሮጦ ያደገ ልጅ ሳንባው ከማንም አያንስም። የጎደለው የሚያየው ሰው ነው።

መንገዱ ሰላም እስኪሆን፣ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ሁሉንም ማድረግ አንችልም። የ13 ዓመቱ ልጅ ግን እስከዚያ አይጠብቀንም። በየቀኑ እያደገ ነው።

እናንተ የምትኖሩበት ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲይዝ ዓይናችሁን የሚስብ ልጅ አለ? ዛሬ ማታ ከመከራከራችሁ በፊት ስሙንና ዕድሜውን ጠይቁት። ከዚያ ለስፖርት መምህሩ ንገሩ።