በቂሊንጦ የተከፈተው የወይን ጠጅ መደብር

ከሳሪስ አቦ በታክሲ ወደ ቂሊንጦ የሚጓዝ ሰው መቃረቡን በሁለት ነገር ያውቀዋል። አንደኛው ከቢራው ፋብሪካ በኩል ነፋስ የሚያመጣው የብቅል ሽታ ነው። ሁለተኛው አብረውት የተሳፈሩት እናቶች ናቸው፤ ምግብ ቋጥረው በጉልበታቸው ላይ ይዘዋል፤ ብዙም አይነጋገሩም። ስንቁን የሚያደርሱት በማረሚያ ቤቱ ላሉት ልጆቻቸው ነው። እኔም ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ በእነርሱ መካከል መቀመጥ ልማዴ ሆኗል።

ቂሊንጦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት መረሬ አፈር ነበረ። ኋላ ግን ገበሬው እየተነሣ ከተማው ተተከለበት። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ የሄኒከን ቢራ ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶቹም ተከተሉ። ማረሚያ ቤቱ በነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ የብዙ ሰው ሕይወት ስለ ጠፋበት፣ የሠፈሩ ስም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በዚህ ሁሉ መካከል ያልተለወጠው አፈሩ ብቻ ነው፤ ዛሬም በክረምት ከሰው እግር ላይ ጫማ ይነጥቃል።

እንግዲህ በዚህ ሠፈር የወይን ጠጅ ብቻ የሚሸጥ መደብር ተከፈተ ሲባል ብዙዎቻችን ሳቅን። እኔም ከመሳቅ አልፌ እገባበታለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ነገር ግን ከ30 ዓመት በላይ ያስተማሩት አንድ አዛውንት ባልደረባችን ጡረታ ሊወጡ ሆነና፣ እኛ 20 መምህራን ለስንብታቸው ገንዘብ አዋጣን። ጋሼ የምንላቸው እኒህ ሰው የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው። ባልደረቦቼ ገንዘቡን በእጄ ሰጡኝና፣ «አንተ ወጣት ነህ፤ የዘመኑን መጠጥ ታውቃለህ። ብቻ የውጭ አገር ይሁን፤ ጋሼን እንዳናሳፍር!» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ወይን ጠጅን የማውቀው በቀለምነቱ ነው። አንባቢም ሳይታዘበው አልቀረም፤ ከእኛ ብዙዎቹ መጠጡን ከመቅመሳቸው በፊት «ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሹራብ» ለብሰው አድገዋል። ከዚያም ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ዘቢብ እንደምታዘጋጅ ሰምቻለሁ፤ በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላ ታሪክ ሲነበብም ቆሜ አዳምጫለሁ። ዕውቀቴ ይኸው ነበር።

መደብሩ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ አንድ ክፍል ነው። መደርደሪያው አዲስ ስለሆነ ገና የእንጨት ሽታ አለው። በበሩ ላይ «ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አንሸጥም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ይህም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተደነገገ ነው። ጽሑፉን በማንበብ ላይ ሳለሁ ሁለት ተማሪዎቼ በዚያ ሲያልፉ፣ «ቲቸር፣ ደኅና ዋሉ!» አሉኝ። አንዳች ያላጠፋሁ ሰው ስሆን ፊቴ ያን የታወቀውን ቀለም መሰለ። ወደ ኋላ ብመለስ የባሰ ነውና ገባሁ።

ሻጯ ወጣት ሴት ናት። ሰላምታ ከሰጠችኝ በኋላ፣ «ደረቅ ነው ወይስ ጣፋጭ የሚፈልጉት?» ስትል ጠየቀችኝ። ፈሳሽ ነገር እንዴት ደረቅ ሊባል እንደሚችል ግራ ገባኝ፤ አስተማሪ ነኝና መጠየቁን ፈራሁ። እርሷ ግን ዝምታዬ ገባትና፣ «ጠጅ ቤት ገብተው አያውቁም?» አለች። «ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ ይባል የለም? ይህም እንደዚያው ነው። ብርዝ ገና ጣፋጭ ነው፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ሲለውጠው ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። ጨርሶ ከበላው ደረቅ ይሆናል።» ቀጥላም የብዙው ጥቁር ወይን ጭማቂ ራሱ ነጣ ያለ መሆኑንና ቀዩ ቀለም የሚወጣው አብሮ ከሚዘፈዘፈው ልጣጭ መሆኑን አስረዳችኝ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። አባቶቻችን እንግዳውን መጠጥ «የወይን ጠጅ» ብለው ሲሰይሙት፣ በሚያውቁት በማሩ ጠጅ ለክተው ነው። እኔ በባዕድ ነገር ፊት የቆምሁ መስሎኝ አፈርሁ እንጂ፣ ቋንቋዬ ቀድሞኝ ተዋውቆት ነበር።

«ይህን ሁሉ የት ተማርሽ?» አልኋት። «እዚሁ ነው፤ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን እርሾን ያስተማሩን በጠጅና በጠላ እያመሳሰሉ ነው» አለችና ስማቸውን ጠራች። የእኛው ጋሼ ናቸው! ጠርሙሱ ለእርሳቸው ስንብት መሆኑን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላም፣ «የምትጠጡት ስንት ናችሁ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ከጋሼ ጋር 21 ነን፤ ከመካከላችን ስድስቱ አይጠጡም፤ ስለዚህ 15 ሰው። አንዱ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ያዋጣነው ገንዘብ የሚገዛው አንድ የፈረንሳይ ጠርሙስ ነው፤ ሲካፈል ለሰው 50 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ ይኸውም አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። በዚያው ገንዘብ ግን ከአገራችን ወይን ሦስት ጠርሙስ ይገኛል፤ ለሰውም 150 ሚሊ ሊትር።

ከአገሩ መደርደሪያ ላይ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የቆየው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርት ተደርድሯል፤ ጉደር ደረቅ ነው፤ አክሱሚት ጣፋጭ ነው። ከጎኑም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ የሚጠምቃቸው አካሺያና ሪፍት ቫሊ አሉ። እዚህ ላይ የእኔ ተራ ደረሰ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ስለ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ስለሚባለው አገር፣ አጫወትኋት። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በስምጥ ሸለቆ የሚገኝ፣ እንደ ቂሊንጦ ጭቃ የማይዝ፣ ውኃን ቶሎ የሚያሰርግ አሸዋማ አፈር ያለው ነው። ችግኙ ከቦርዶ መጣ፤ ወይኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ለገበያ ዋለ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡበት በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል። ቦርዶ ያሉት ወይን ተካዮች ከጉማሬ ጋር የሚታገሉ አይመስለኝም!

የባልደረቦቼን ትእዛዝ ተላልፌ ሁለት ጉደርና አንድ ሪፍት ቫሊ ገዛሁ። ለማይጠጡት የሚሆን የለስላሳ ገንዘብም ተረፈኝ። ሻጯ ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ስትጠቀልል፣ «ሰላም በሉልኝ፤ እርሾውን አልረሳሁትም በሉልኝ» አለችኝ።

የስንብቱ ቀን ጠርሙሶቹ ሲወጡ አንዳንዶቹ አጉረመረሙብኝ፤ አንዱማ «አሳፈርኸን» አለኝ። ጋሼ ግን መልእክቱን ስነግራቸው የተማሪያቸውን ስም ደግመው ጠየቁኝ፤ የተቀመጠችበትንም ረድፍ ነገሩን። ከዚያም ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን አዩትና፣ እንቅዳልዎ ስንላቸው እምቢ ብለው፣ ራሳቸው በየሻይ ብርጭቆው ይቀዱልን ጀመር። ለማይጠጡትም ለስላሳውን የከፈቱት እርሳቸው ናቸው። ተቀድቶ ሲያበቃ ዙሪያውን ተመልክተው፣ «ለሁሉ ደረሰ?» አሉ።

ደርሶ ነበር። ያጉረመረመውም ሰው ብርጭቆውን አነሣ።

ወደ ቂሊንጦ የሚመጣ ወጣት አንባቢ፣ ደመወዙ እንደ እኔ አነስተኛ ከሆነ፣ ከጠርሙሱ ላይ ካለው የአገር ስም አስቀድሞ የሚጠጡትን ሰዎች ይቁጠር። ያላወቀውንም ይጠይቅ፤ የሚጠይቀው ነገር ስሙ ቀድሞ በአፉ ያለ ሊሆን ይችላል። እኔም ወደዚያ ሱቅ በር ዳግመኛ ብሄድ፣ ተማሪዎቼ ሲያልፉ ቆሜ ሰላምታቸውን እመልሳለሁ።