ስለ መድኃኒትና ስለ ቸርነት

ቸርነት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ያልመራው ቸርነት ባልንጀራን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ይህን በገዛ እጄ አድርጌ አየሁት። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ የምጽፍልህ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ በደለኛ ነው።

አሜሪካ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በሥራ ላይ ሳለ ወገቡን ተጎድቶ፥ ሐኪም ለጡንቻ ሕመም የሚሆን ኪኒን አዝዞለት ነበር። ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ እኔም ወገቤን እንደሚያመኝ አይቶ፥ የተረፈውን ከነብልቃጡ ትቶልኝ ሄደ። ኪኒኑ በአንድነት ሁለት መድኃኒት የያዘ ነው፤ ይኸውም ካሪሶፕሮዶል 200 ሚሊግራም፥ አስፕሪን 325 ሚሊግራም ነው። ማታ ማታ አንድ እየዋጥሁ ተኛሁ፤ ሕመሙም ቀለለልኝ።

በጎረቤቴ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ወገቡ ተይዞ ጎብጦ ሲሄድ ባየሁት ጊዜ አዘንሁለትና ስምንት ኪኒን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ተቀበለኝ። ማታ ከጓደኞቹ ጋራ ጠላ ጠጥቶ ሁለቱን ዋጠ፤ ሲነጋ ደግሞ አንድ ጨመረና መኪናውን አስነሣ። ጥቂት እንደ ሄደ ሸለብ አደረገው። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ከአጥር ጋራ ተጋጨ፤ አንዲት ተሳፋሪ ክንዷ ተሰበረ። ፖሊስ በጠየቀው ጊዜ «እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለ እንጂ የእኔን ስም አላነሣም።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ብልቃጡን አንሥቼ አነበብሁት። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል አገኘሁ፤ ትርጓሜውም፥ ይህን መድኃኒት ከታዘዘለት ሕመምተኛ በቀር ለሌላ ሰው ማስተላለፍ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው የሚል ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን ሰዎች አንድን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሳናነብ ስለ እርሱ እንድንናገር አይፈቅዱልንም ነበር፤ እኔም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው፤ እኔ ግን ጠምጥሜ ማንበቡን ተውሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን መረመርሁ። ካሪሶፕሮዶል ጡንቻውን ራሱን የሚያላላ አይደለም፤ የሚሠራው በአንጎል ላይ ነው። ጉበትም ሜፕሮባሜት ወደሚባል ሌላ መድኃኒት ይለውጠዋል፤ ይህም ከ1955 ጀምሮ ለመንፈስ ማረጋጊያ ይሸጥ የነበረ፥ ሰውን ሱሰኛ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ ይመከራል። ከመጠጥ፥ ከእንቅልፍ ኪኒን ወይም ከኮዴይን ጋራ የተጨመረ እንደ ሆነ ትንፋሽን እስከ ማቋረጥ ይደርሳል። አስፕሪኑም በበኩሉ የጨጓራ ቁስል ያለበትን ሰው ሊያደማ ይችላል።

ሕጉም እንዳገሩ ይለያያል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ብሎ ካሪሶፕሮዶል ያለባቸው መድኃኒቶች ሽያጭ እንዲታገድ አሳሰበ። አሜሪካ በሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ፈቅዳ፥ ከጥር 2012 ጀምሮ ልዩ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ጋራ ቈጠረችው። ካሪሶፕሮዶልን ታፔንታዶል ከሚባል ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ጋራ ያደባለቀው ኪኒን ደግሞ ከህንድ እየወጣ በጋናና በናይጄሪያ መንገዶች ለወጣቶች ሲሸጥ መገኘቱ በመገለጹ፥ የህንድ መንግሥት በየካቲት 2025 መሥራቱንም ወደ ውጭ መላኩንም ከለከለ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ሦስት ቀን ዝም አልሁ፤ ከጥፋቴ ይልቅ ይህ ዝምታ ያሳፍረኛል። በአራተኛው ቀን ወደ ሹፌሩ ቤት ሄድሁ። «ጋሼ፥ ለመልካም አስበው ነው የሰጡኝ፤ ይተዉት» አለኝ። ነገር ግን የእርሱ ጨዋነት የእኔ መደበቂያ ሊሆን እንደማይገባ ስለ ተረዳሁ፥ ብልቃጡን ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያም ወደ ተጎዳችው ሴት ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ፤ ለሕክምናዋም የበኩሌን ለመክፈል ቃል ገባሁ። እርስዋም «አባቴ፥ ክንዴስ ይጠገናል፤ ያን ዕለት ግን የልጅ ልጄን ታቅፌ ነበር» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ እንጀራህን ከጎረቤትህ ጋራ ተካፈል፤ መድኃኒትህን ግን አትካፈል። እንጀራ ለራብተኛ ሁሉ አንድ ነው፤ መድኃኒት ግን ለአንድ ሰው አካል በልክ የተሰፋ ነው። ዛሬ የታመመ ሰው ኪኒን ሲለምነኝ ከዘራዬን አንሥቼ አብሬው ወደ ሐኪም እሄዳለሁ።