ባዶውን ይዘሃል?

የሰፈሬን ባለሱቅ ለስላሳ ስጠይቀው ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚለኝ ነገር አለ፦ «ባዶውን ይዘሃል?» ካልያዝኩ ወይ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ መጠጣት፣ ወይ የጠርሙሱን መያዣ መክፈል ነው። በልጅነቴ እናቴ ሱቅ ስትልከኝ በአንድ እጄ ብሩን፣ በሌላው ባዶውን ጠርሙስ ታስይዘኝ ነበር። «እንዳትጥለው» የምትለኝ ስለ ብሩ ነው፤ «እንዳትሰብረው» የምትለኝ ስለ ጠርሙሱ። ሁለቱም እኩል ይጠበቁ ነበር።

ጥያቄው ሰሞኑን ትዝ ያለኝ ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ባለ ካፌ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ነው። ከፊቴ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ገንዘብ ተቀባይዋ እያንዳንዳቸውን «እዚህ ነው የሚወሰድ?» ትላቸዋለች። አምስቱ «የሚወሰድ» አሉ። በዓይኔ ተከተልኳቸው። ሁለቱ መንገዱን እንኳ አልተሻገሩም፤ ደረጃው ላይ ቆመው እያወሩ ጠጡና የወረቀት ኩባያቸውን አጥሩ ሥር አስቀምጠው ሄዱ። አንዷ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። የቀሩት ሁለቱ ወደ እኛው ሕንፃ ወጡ። እነዚህን አውቃቸዋለሁ፤ ጠረጴዛቸው ላይ የሸክላ ኩባያ አላቸው።

ማኪያቶ በብርጭቆ ሲቀርብ ማየት ደስ ይለኛል። ወተቱ፣ ቡናው፣ አረፋው ተራ በተራ ተደራርበው ይታያሉ፤ ጠጪው ማንኪያውን ከመስደዱ በፊት ለአፍታ ያየዋል። ክዳን በተደፋበት ኩባያ ውስጥ ግን መልኩም የለም፣ ሽታውም ታፍኗል። ስፕሪስ ይሁን ጥቁር ቡና የሚታወቀው ከተቀመሰ በኋላ ነው።

«ወረቀት አይደል? ይበሰብሳል» የሚሉ አሉ። ወረቀት ብቻውን ትኩስ ነገር አይችልም፤ ወዲያው ርሶ ይቀደዳል። ቡናውን የያዘው በውስጥ በኩል የተለበጠው ፖሊኤትሊን የሚባል ስስ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው ስለተሠሩ ተራ የወረቀት ፋብሪካ መልሶ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ፕላስቲኩን ከወረቀቱ የሚለይ የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ቆራሌው ነው። ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን እየተጣራ ሲያልፍ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ጠርሙስ ይገዛል፣ አሮጌ ጫማ ይገዛል፣ ሃይላንድ ይሰበስባል። አንድ ቀን የወረቀት ኩባያ አሳይቼው «ይህንንስ?» አልኩት። ገልብጦ ውስጡን አየና መለሰልኝ። «እሱን ከእኔ ማን ይገዛኛል?»

ቆራሌው ያልወሰደው ገንዳ ይገባል። ከገንዳው ወዴት እንደሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል፤ ወደ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኩባያ ገደላቸው ማለቴ አይደለም። ያ ክምር ግን አሥር ደቂቃ ተገልግለንባቸው ከጣልናቸው ነገሮች ጭምር የተሠራ ነበር፤ ይህን ሳስብ እጄ ላይ ያለው ኩባያ ይከብደኛል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ኩባያውን ለመተው አዋጅ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም።

ከካፌው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ የጀበና ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ረከቦታቸው ሥር ሁለት ሳፋ አለ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ። ለሱቆቹና ለጋራዡ ሠራተኞች ቡናውን በትሪ ይልኩላቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ስኒው ይሰበሰባል። ይህም እኮ የሚወሰድ ቡና ነው።

«ስኒ አይጠፋብዎትም?» አልኳቸው።

«ነገም ቡና የሚፈልግ ሰው ስኒዬን የት ይወስደዋል ልጄ?» አሉኝ።

እርሳቸው በእምነት የሚሠሩትን ነገር የጀርመኗ ፍራይቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በመያዣ ጀመረችው። ደንበኛው 1 ዩሮ አስይዞ የሚታጠብ ጠንካራ የፕላስቲክ ኩባያ ይወስድ ነበር፤ ጠጥቶ ሲያበቃ በአሠራሩ ውስጥ ከገቡት ካፌዎች ለየትኛውም መልሶ ገንዘቡን ይቀበል ነበር። አንዱ ኩባያ እስከ 400 ጊዜ ይሠራል። እኛ ይህን ለመማር ፍራይቡርግ መሄድ አያስፈልገንም፤ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ሱቅ የተላከ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የራሴን ኩባያ ይዤ የሄድኩ ቀን ባሪስታው አመነታ። ያሳሰቡት ሁለት ነገሮች ነበሩ፣ ልኩና ንጽሕናው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ኋላ ዘዴውን ራሱ አገኘው፤ ኩባያዬን በማሽኑ ሙቅ ውኃ አለቀለቀው፣ ማኪያቶውን በራሱ ብርጭቆ ሠርቶ ገለበጠልኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ለመቆጣት ጊዜ አላገኘም። አሁን ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ይዘረጋል።

ለካፌ ባለቤቶች የምለው አንድ ነገር አለኝ። «ኩባያ ለሚያመጣ ቅናሽ አለ» ማለት መልካም ሐሳብ ይመስላል። በብሪታንያ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካፌዎች ውስጥ ሲፈትኑት ግን ቅናሹ የደንበኛውን ልማድ አልለወጠውም፤ የወረቀቱ ኩባያ ለብቻው ሲያስከፍል ግን የራሱን የሚያመጣው ሰው ጨመረ። ምክንያቱ ይገባኛል። የኩባያው ዋጋ ቡናው ውስጥ ሲደበቅ ነጻ ይመስለናል። ለብቻው ሲጻፍ ደግሞ ከኪሳችን ሲወጣ እናየዋለን፤ እናቴም ጠርሙሱን እንደ ብሩ የጠበቀችው ዋጋውን ስለምታውቅ ነበር።

እናም የወረቀት ኩባያውን ዋጋ ከቡናው ነጥላችሁ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። መያዣ የሚከፈልበት ጥሩ ኩባያም ባንኮኒው ላይ ደርድሩ። ገንዘብ ተቀባይዋም «የሚወሰድ» ለሚላት ሰው የባለሱቁን ጥያቄ ትጨምርለት፤ «ኩባያ ይዘዋል?» ትበለው።