ምትሃት የተማርኩበት ጊፋታ

በዛሬው ጽሑፌ ቤት ውስጥ ባሉ ዕቃዎች ስለሚሠራ ምትሃት አጫውታችኋለሁ። የሦስቱን አሠራር ጭምር እነግራችኋለሁ። ግን ምትሃት ከመማሬ በፊት እኔ ራሴ በምትሃት ተሸውጄ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

መስከረም መጀመሪያ ላይ እማዬ አቮካዶ ሸጣ ካገኘችው 300 ብር ሰጠችኝና ደብተር እንድገዛ ወደ ገበያ ላከችኝ። መንገድ ላይ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመው አየሁ። መሃል ላይ አንድ ሰውዬ ካርቶን ዘርግቶ ሦስት ካርታ ያገላብጣል። ሁለቱ ጥቁር ናቸው፣ አንዷ ቀይ ናት። «ቀይዋን ያየ! ቀይዋን ያየ!» እያለ ይጮሃል። አንድ ወጣት 100 ብር አስይዞ ቀይዋን አገኘና 200 ብር ተቀበለ። ደግሞ አስያዘ፣ ደግሞ በላ። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል ስከታተል ቀይዋ የት እንዳለች በደንብ አወቅኩ። ልጁ ሲሳሳት እንኳ እኔ በልቤ ትክክል ነበርኩ። ስለዚህ 100 ብር አስያዝኩ። ጥቁር ወጣች። ለማስመለስ ብዬ ሌላ 100 ጨመርኩ። አሁንም ጥቁር። ከዚያ አንዱ «ፖሊስ መጣ!» አለና ካርቶኑም ሰዎቹም በአንዴ ጠፉ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

ቤት ስደርስ እማዬን «200 ብር ከኪሴ ወደቀብኝ» አልኳት። አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ከቤታችን እስከ ገበያው ያለውን መንገድ መሬት መሬቱን እያየች፣ ባለ ሱቆችን እየጠየቀች ሄደች። ሲመሽ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ያገኘውም ሰው ቸግሮት ይሆናል» አለች። እኔ ራት አልበላሁም። ለምን ስትለኝ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ይሄ ሁለተኛው ውሸቴ ነበር።

ከዚያ ጊፋታ ደረሰ። እንደምታውቁት ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ስለሆነ ሩቅ ያለ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። እኛም ቤት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ መጣ። ሥጋው በዳጣ ተበልቶ ቡና ሲፈላ የአንድ ብር ሳንቲም ከኪሱ አወጣ። በቀኝ እጁ አሳየንና ወደ ግራ እጁ አቀበለ። ግራ እጁን ጨበጠ፣ እፍ አለበት፣ ሲከፍተው ባዶ ነው! አያቴ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። እሱ ግን ሳቀና «እማማ፣ ይሄ እኮ ጥንቆላ አይደለም፣ የእጅ ሥራ ነው» አላት። ከዚያ ቀስ አድርጎ አሳያት። ለካ ሳንቲሙ ከቀኝ እጁ ጨርሶ አልወጣም። ግራ እጁ የጨበጠው አየር ነው። እሱ ግራ እጁን ትኩር ብሎ ስለሚያይ እኛም ሁላችን እዚያው አየን። አያቴ ሲገባት ቁጭ አለችና «እስቲ ድገመው» አለችው። ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

አባዬም በልጅነቱ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያያቸው ስለነበሩት ስለ አባባ ተስፋዬ አጫወተን። ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸው ተረት ብቻ ሳይሆን ምትሃትም ያሳዩ ነበር።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ እነዚህን ሦስት አስተማረኝ።

አንደኛ፦ የማይፈሰው ውሃ። ብርጭቆ እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሙሉ። ወፈር ያለ ወረቀት፣ ለምሳሌ የአሮጌ ደብተር ሽፋን ክደኑበት። በመዳፋችሁ ደግፋችሁ ገልብጡትና መዳፋችሁን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ውሃው አይፈስም። ከታች ያለው አየር ወረቀቱን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። ሶዶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች አየራችን ከባሕር ዳር አየር ይሳሳል፣ ግን ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። መጀመሪያ ደጅ ላይ ሞክሩት። እኔ አልጋ ላይ ሞክሬ ምን እንደደረሰብኝ አልነግራችሁም።

ሁለተኛ፦ የምትመለሰው ሳንቲም። በማያሳይ ኩባያ ሥር ሳንቲም አስቀምጡ። ጓደኛችሁ የኩባያው ጠርዝ ሳንቲሟን እስኪከልልበት ወደ ኋላ ይራቅና ይቁም። እሱ ሳይነቃነቅ እናንተ ውሃ በቀስታ ጨምሩ። ሳንቲሟ ብቅ ትልለታለች። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ነው። ሳንቲሟ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ሦስተኛ፦ የሚሸሸው ቁንዶ በርበሬ። ሰሃን ላይ ውሃ አድርጉና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በትኑበት። ጣታችሁን ፈሳሽ ሳሙና አስነክታችሁ መሃሉን ንኩት። በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል። የውሃው ገጽ እንደ ተወጠረ ጨርቅ ነው። ሳሙና ሲነካው መሃሉ ይላላል፣ ዳሩ በርበሬውን ይዞት ይሄዳል። ጓደኛችሁ ያለ ሳሙና ሲሞክር እምቢ ይለዋል።

ከዚያ «አንድ ጓደኛዬ በቀይዋን ያየ ተበልቶ ነበር፣ እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብዬ ጠየቅኩት። ይሄ ሦስተኛው ውሸቴ ነው። እሱም ከወረቀት ሦስት ካርታ ቆርጦ አሳየኝ። ሰውዬው በአንድ እጁ ሁለት ካርታ ደራርቦ ይይዛል፣ ቀይዋ ከታች ናት። ሲጥል የታችኛዋ የወደቀች ይመስለናል፣ የሚጥለው ግን የላይኛዋን ነው። ዓይናችን ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጥቁሯን ነው። ያ ደጋግሞ የበላው ወጣትም የራሳቸው ሰው ነው። ይሄን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር መጣሁ። ትንሹ ወንድሜ 6 ዓመቱ ነው። አያቴ ለጊፋታ አምስት የአንድ ብር ሳንቲሞች ሰጥታው ነበር። የሳንቲሙን ምትሃት ለብዙ ቀን ከተለማመድኩ በኋላ አንዱን ተቀብዬ አጠፋሁበት። በጣም ደስ አለውና ሳቀ። «መልሰው» ሲለኝ «ምትሃት ከወሰደው አይመለስም» አልኩና ኪሴ ከተትኩት። ከረሜላ ልገዛበት አስቤ ነበር። ማታ ላይ በአባዬ ስልክ መብራት አልጋ ሥር ገብቶ አገኘሁት። «ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት። «ሳንቲሜን። እዚህ ወድቆ ይሆናል» አለኝ።

እማዬ መሬት መሬቱን እያየች የሄደችበት መንገድ ትዝ አለኝ። ሳንቲሙን ሰጠሁትና ወደ ማድ ቤት ሄጄ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። የምትገርፈኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሥራዋን አቁማ «እኔ መንገዱን ስዞር አንተ እንዴት ዝም አልክ?» ብቻ አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት በሌለኝ ቀን አቮካዶ ተሸክሜ ገበያ አብሬያት እሄዳለሁ። 200 ብሩ እስኪሞላ አልኩ እንጂ እሷ አላዘዘችኝም።

ውድ አንባቢዎች፣ ምትሃተኛም አጭበርባሪም ዓይናችንን ያታልላሉ። ልዩነታቸው ምትሃተኛው ጨዋታ መሆኑን እናውቃለን፣ ሳንቲማችንንም ይመልስልናል። ስለዚህ ምትሃት ስታሳዩ የወሰዳችሁትን መልሱ። «ቀይዋን ያየ» የሚል ስትሰሙ ደግሞ ዓይናችሁን አትመኑ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ። የተበላችሁም ካላችሁ ለቤተሰብ ተናገሩ፤ ብሩ ባይመለስም የሚፈልገው ሰው ያርፋል።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። እንቁላል ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል። ብዙ ጨው ጨምረን ስናማስለው ግን ይንሳፈፋል። ለምን ይመስላችኋል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል